የብረቱ ዝርዝር

ቫርኒሽ ቀቢዋ «ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ» ማለት ከጀመረች ሦስት ወር ሆኗታል። በሦስት ወር ውስጥ ያመናት ሰው የለም። በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ሰባት ሰው አንድ ዓይነት ሰጋቱራ እየተነፈሰ፣ እሷን ብቻ የሚያፍን አየር ከየት ይመጣል?

ከሁሉም የማያምናት ፎርማኑ ነበር። ሠራተኞቹ ብረቱ ይሉታል። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም፤ የሐኪም ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ ይህንንም ላልጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ንግግሩ አጭር ነው። ሦስት ቃል ይልና ያርፋል፣ ከዚያ ሦስት ይጨምራል። ሰው ሁሉ ቁጣው ነው ብሎ ይፈራዋል። ወደ ሥራ ቤቱ ባለቤት ቢሮ የሚያስወጣውን ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ቁልቁል ያፈጣል፤ ያን ጊዜ ብርጭቆ ወረቀት የያዘ እጅ ሁሉ ይፈጥናል። ድሮ ሠራተኛ የሚጠራው በፉጨት ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ፉጨት ክብር ይቀንሳል ብሎ፣ ቁራጭ ብረት ሰቅሎ በመዶሻ መደብደብ ጀምሯል።

ቀቢዋን በተመለከተ ማስረጃ አልጠፋም። አናጢው እሁድ ዕለት ሃያ ሊትር ውሃ ተሸክማ ሦስት ፎቅ ስትወጣ አይቷታል።

«አንድ ጊዜ እንኳ አላረፈችም» ብሎ ማለ።

«ሰኞ ሲመጣ ታያላችሁ» አለ ብረቱ። «ሥራ ስታይ ነው... የሚያማት።»

እውነትም ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ተደግፋ እንደ ወናፍ ትተነፍስ ነበር። ይህን ሁሉ ሆና ዓይኗን በጨው አጥባ ወደ ሽያጭ ክፍል እንድትዛወር ጠየቀች። እዚያ አቧራ የለም፤ ወንበር ግን አለ። ባለቤቱ ነገሩ ስላሰለቸው ቀን ቆረጠላት።

«ዓርብ የሐኪም ቤቱን መልስ አምጪ። እውነት ከሆነ ትዛወሪያለሽ። ካልሆነ በሩ ያውልሽ።»

ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። ሌላ ሙያ የላትም።

የሐኪም ቤቷ ሲስተር ቁጥር የተጻፈባት አንዲት የትንፋሽ መለኪያ የፕላስቲክ ቱቦ ሰጥታት ነበር። ጠዋትና ማታ ትነፋታለች፤ ቱቦዋ ያሳየችውን ቁጥር ደብተር ላይ ትጽፋለች። ረቡዕ ዕለት ግን ብሶባት በጊዜ ወደ ቤቷ ስትሄድ ቱቦዋንም ደብተሩንም ጠረጴዛዋ ላይ ረስታ ሄደች። ብረቱ የሰው ደብተር መግለጥ ነውር መሆኑን ያውቃል። ገለጠው።

እሁድ፣ አራት መቶ። ሰኞ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ። ማክሰኞ፣ ሦስት መቶ።

ብረቱ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ሳል መጣበትና በመሐረብ አፈነው። ከዚያ የተሰቀለውን ቁራጭ ብረት ደብድቦ ሠራተኛውን ሰበሰበ።

«ደም ግፊት ከፍ ሲል ምንድን ነው?»

«በሽታ» አሉ።

«ስኳርስ? ትኩሳትስ?»

«በሽታ።»

«ይኸው! ቤቷ ውላ አራት መቶ። እዚህ ስትመጣ... ሦስት መቶ። ሥራው መድኃኒቷ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ብረቱ የቱቦዋን አፍ በእጅጌው ጠረግ አደረገና ሁሉም በየተራ እንዲነፋ አዘዘ። ንጽሕና ማለት በእሱ ቤት ይኸው ነው። አናጢው አራት መቶ ሰማንያ ነፋ። ሽማግሌው ዘበኛ አምስት መቶ ሃያ ነፉ።

«እዩዋቸው እንግዲህ» አለ ብረቱ። «አባባ አምስት መቶ ሃያ ይዘው... በር ላይ ቆመው ይውላሉ። እሷ በሦስት መቶ ትተኛለች!»

ዘበኛው ግን ሙገሳው አልገባቸውም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ደረታቸውን መዳበስ ያዙ። ሲመሽ አናጢውን ጥግ ጠርተው «ልጆቼን አደራ» አሉት። ሰው በሰባ ዓመቱ የሞኝ ወሬ አምኖ ሲታመም ማየት ያስቃልም፣ ያናድዳልም።

በመጨረሻ ብረቱ ራሱ ነፋ። ዓይኑ እስኪቀላ ነፋ። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ከአንድ መቶ አርባ አላለፈም።

«ብረት!» ብለው አጨበጨቡለት።

የሁሉንም ቁጥር በወረቀት ዘረዘረ። የራሱን ከላይ፣ ስም ሳይጽፍ በቀይ እስክሪብቶ አሰፈረ፤ ጀግና ስሙን አይጽፍም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ቱቦዋንና ደብተሩን ወደ ቦታቸው መለሰ።

ዓርብ ጠዋት «እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት። ሐኪም ቤቱ ዳገት ላይ ነው። ብረቱ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ አንዴ የጫማ ቤት መስኮት ሊያይ፣ አንዴ እሷን ሊሰድብ። እሷ እየቆመች ጠበቀችው።

«ጉድና ጅራት ከኋላ ነው» አላት በሩ ላይ ሲደርሱ። «ዛሬ... ይለይልናል።»

ሲስተሯ ደብተሩን ተቀብላ ቅጠል በቅጠል አየችው። እሁድ እሁድን በእርሳስ አከበበች። ቀቢዋ እጆቿን ጭኖቿ መሐል ወሽቃ ወለሉን ታያለች። ብረቱ ክቦቹን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ሲስተሯም ነቅታባታለች ማለት ነው።

«ይሄንንም... ይዩልኝ» ብሎ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። «ከሥራ ቤታችን ነው። የጤነኛ ሰው ቁጥር... ምን እንደሚመስል።»

ሲስተሯ ከታች ወደ ላይ አነበበች። ዘበኛው ላይ ስትደርስ «ጎበዝ» አለች ለራሷ። ብረቱ አሽሙር መሰለው። ቀዩ ጽሑፍ ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል በሌላው እጇ ስልኩን አነሳች።

«ይሄ አንድ መቶ አርባ የነፋው ሰውዬ» አለች፣ «በሕይወት አለ?»