የዳኛ ሲራክ ሽበት

«ኳሷ ከተጫዋቼ እጅ የወጣችው ሰዓቱ ከመጮኹ በፊት ነው» አለ የባለሜዳዎቹ አሠልጣኝ። የእንግዶቹ አሠልጣኝ በበኩሉ «ሰዓቱ ጮኾ ሲያበቃ ኳሷ ገና መዳፉ ላይ ነበረች» አለ። ቅርጫቷ ከተቆጠረች ባለሜዳዎቹ ዋንጫውን ይወስዳሉ፤ ካልተቆጠረች እንግዶቹ።

ዳኛ ሲራክ ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋና አመነታ። በአዲሱ ደንብ ፊሽካ ሲነፋ ጨዋታው ብቻ ሳይሆን ሰው ሁሉ ባለበት ደርቆ ይቆማል፤ ጊዜ የሚሄደው ለዳኛው ብቻ ነው። ዳኛው ብቻውን ቪዲዮውን እየመላለሰ አይቶ ይፈርዳል። ለሌሎች ዳኞች ሩብ ሰዓት ይበቃቸዋል። ሲራክ ግን ሰው መበደል ስለሚፈራ አንዳንዴ ወር ይከርማል።

ከሚስቱ ከትርሲት ጋር ከኮሌጅ የተመረቁት በአንድ ቀን ነበር። አሁን እሷ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሱ ሃምሳን ተሻግሯል። ዛሬ ጠዋት ሽበቱን ጥቁር ቀለም እየቀባችው «ከሜዳ በቀጥታ ወደ እህቴ ሰርግ ነን» ብላው ነበር። «ባለፈው ‹አባትሽ ናቸው?› ብለው ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጡህ። ዛሬ እንኳ ከጎኔ ተቀመጥ።»

አሁን የሰርግ ልብሷን ለብሳ ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ሲሬ፣ ገምትና እንሂድ» አለችው።

ሲራክ አሠልጣኞቹን ተራ በተራ አያቸው። ሁለቱም የምራቸውን ነበር። ፊሽካውን ለአፍታ ከአፉ አራቀና ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ፦

«ትርሲትዬ፣ ዛሬም አባቴ ነው በያቸው።»