ሁለት እጅ

መኪናዋ ከግቢ ከመውጣቷ በፊት የፊት መብራቷን ማየት የቤቱ ሕግ ነበር። አባት መሪው ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጃቸው የግቢው በር ጋ ቆማ ለአንድ መብራት አንድ እጅ፣ ለሁለቱ ሁለት እጅ ታነሳለች። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነበር። ዛሬም ሊመሽ ሲል፣ የራሷ ሁለት ልጆች የኋላ ወንበር ላይ በመስኮት በኩል ለመቀመጥ ሲጣሉ፣ እሷ የለመደችው ቦታ ላይ ቆመች።

«በራ?» አሉ አባቷ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው። «ያ መካኒክ አምፖል ቀየርኩ ብሎ ሸውዶኛል። ትናንትም መንገዱ ድንግዝግዝ ሲልብኝ ነው ያመሸው።»

ሁለቱም መብራቶች ቦግ ብለው ዓይኗን አጭበረበሯት። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ጥላዋ በሩን ሞላው።

«ምን ትጠብቂያለሽ የኔ ልጅ? ከበራ እጅሽን አንሺ እንጂ!»

እጆቿ እዚያው አየር ላይ ደርቀው ቀሩ። የልጆቿ ጭቅጭቅ ይሰማታል። ከዚያ ቀስ ብላ አወረደቻቸው።

«አልበራም አባባ፤ ሁለቱም እምቢ ብለዋል። ቁልፉን ይስጡኝና ነገ እኔው ጋራዥ እወስዳታለሁ።»

አባቷ እያጉረመረሙ ከመኪናዋ ወረዱ። ኮፈኑን እየዳበሱ ወደ ፊት መጡና መዳፋቸውን የመብራቱ መስታወት ላይ አሳረፉ። መስታወቱ ይፋጃል። ቶሎ አላነሱትም።

ተመልሰው መብራቱን አጠፉ፤ ቁልፉንም ነቅለው እጇ ላይ አኖሩት።

«ውረዱ ልጆቼ» አሉ የኋላውን በር እየከፈቱ። «እናታችሁ እውነቷን ነው፤ መብራት የለንም።»