ኮፍያው ላይ የቀረ አረንጓዴ

ቦሌ ባለው ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ሄርሞን ከሞተው ልጇ ራስ ያወለቀችውን ነጭ ኮፍያ ጨብጣ ቆማ ነበር። ልጁ ገና አሥራ ሁለት ቀኑ ነበር። «ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው» አለ ወጣቱ ሐኪም። «የተያዘ ሴል ድረሱልኝ ብሎ ለጎረቤቶቹ መልእክት ይልካል። ይሄ ቫይረስ ግን መልእክቱን ይቆርጠዋል፤ ሰውነት የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ልጁን ስሞት ነበር?»

የባሏ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «ማን ይስመዋል? ምች ነው የገደለው! አራስ ሆና በዚያ ፀሐይ መገናኛ ድረስ ይዛው የዞረች እሷ!»

ሄርሞን ኮፍያውን ዘረጋችው። ሴትዮዋ ለከንፈራቸው ቁስል ሲቀቡት የሰነበቱት የዳማ ከሴ ጭማቂ ጠርዙ ላይ በከንፈር ቅርጽ ደርቆ ነበር። አጠገቧ ለቆመው ባሏ ለሊባኖስ ሰጠችው። እሱም አውራ ጣቱን አረንጓዴው ላይ አሳለፈ፤ ቀና ብሎ እናቱን አየ። ከዚያ ኮፍያውን እንደ መሐረብ አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«እውነታቸውን ነው ዶክተር» አለ። «ፀሐይ ላይ ያወጣችው እሷ ናት።»