ጫፎቹ የታጠፉት መስቀል

ጥልፍ ሠሪዋ አያት ለልጅ ልጇ ባዘጋጀችው ብርድ ልብስ ጥግ ላይ፣ አራቱም ጫፎቹ የታጠፉ መስቀል በቀይ ክር ጠልፋ ነበር። እናቷም፣ የእናቷም እናት ለሕፃን ጤና ብለው የሚጠልፉት ይኸንኑ ነበር። የልጇ ባል ግን ገና ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

«እማማ፣ አይሁዳዊ ነህ ብለው አያቴን ከቤቱ አውጥተው የወሰዱት ሰዎች ክንዳቸው ላይ አስረው የመጡት ይኼንን ነው» አላት። «ልጄ ይኼን ለብሶ አይተኛም።»

«እነሱ ሳይወለዱ የኛ ነበር» አለች ደሟ ፈልቶ። «እነሱ በሰረቁት የኔ መርፌ ነው የሚከሰሰው?»

እሱ ግን ምላጭ አንሥቶ ዓይኗ እያየ ክሩን በጣጠሰው፤ ብርድ ልብሱንም ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሕፃኑ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተኛ። እሷም በንዴት እየተንጨረጨረች ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ ሲነቃ አባቱ ሊያነሣው ጎንበስ አለና ደርቆ ቀረ። ጥልፍ ላይ ተኝቶ እንደተነሣ ሰው፣ የልጁ ጉንጭ ላይ መስቀሉ ከነእጥፋቱ ወጥቷል።

«እልህ ይዞዎት መልሰው አለበሱት አይደል?» ብሎ ጮኸባት።

«ቁልፉ ያለው አንተ ኪስ አይደለም እንዴ?»

ኪሱን ዳበሰ፤ ቁልፉ አለ። ሄዶ ቁም ሣጥኑን ከፈተ፤ ብርድ ልብሱ እንዳስቀመጠው ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ የጥጉም ክር እንደተበጣጠሰ ነው።

አያቲቱ ንዴቷ ሳይበርድላት ሕፃኑን ታቀፈችና ምልክቱን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። አልጠፋም። ጣቷ ሥር የተሰማት ቆዳ ሳይሆን ክር ነበር፤ የገዛ እጇን ስፌት በዳሰሳ አወቀችው።