በሰዓት ይሁን

«ወንድሜ ‹በሥራው ነው ወይስ በሰዓት የሚያስከፍለው?› እያለኝ ነው» አለች ልጅየዋ፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ።

ቁልፍ ሠሪው በሩ ፊት ተንበርክኮ ቦርሳውን እየፈታ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በሩ ቀለሙ የተላላጠ የብረት በር ነው። ከበሩ ወዲያ የልጅየዋ እናት ብቻቸውን አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ስልክ አላነሡም፤ ቢንኳኳም አልከፈቱም። ልጅየዋ ደግሞ የራሷን ቁልፍ የት እንደጣለችው አታውቅም።

«ይታመማሉ እንዴ?» አላት።

«ስኳር አለባት፣ ጋሼ። ጆሮዋም ደክሟል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ካላት ጠዋት እንደ ድንጋይ ነው የምትተኛው። አምናም እንዲሁ ስታስጮኸን ቆይታ እያፋሸከች ከፈተችልን።» ሳቅ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«በሰዓት ይሁን» አለ ቁልፍ ሠሪው።

ሃያ ዓመት ሙሉ «በሥራው» ሲል የኖረ ሰው ነው። የቀየረው ዛሬ ነው። ትናንት የአንድ ባለሱቅ በር በሁለት ደቂቃ ቢከፍትለት፣ ሰውየው «ለዚችው ነው ይህን ሁሉ የምትጠራው?» ብሎ ግማሹን ወረወረለትና በሩን ዘጋበት። ያውም እሱ ራሱ የከፈተለትን በር! ጀማሪ ሳለ አንድ የበር ሴራቱራ ላይ ግማሽ ቀን ሲታገል፣ እጁን ሲቆርጠው፣ ሰው አዝኖለት ከተስማሙበት በላይ ይጨምርለት ነበር። እጁ ሲሠለጥን ገቢው አነሰ። ሚስቱ ማታ ይህን ብሶት ሰምታ ሰምታ ሲሰለቻት፣ «አንተ ሞኝ፣ ሰው ለዕውቀት የሚከፍል መሰለህ? ላብህን አሳየው» አለችው።

እሱም ላቡን ሊያሳይ ቆርጦ መጥቷል።

ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። የሴራቱራው ጥርሶች አንድ በአንድ ተነሡለት፤ አሮጌ፣ ስንቱን የፈታው ዓይነት ነው። የመጨረሻው ጥርስ ሲነሣ በጣቱ ጫፍ ተሰማው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ጠምዘዝ ቢያደርገው በሩ ክፍት ነበር።

ለቀቀው። ጥርሶቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

«የድሮ ዕቃ ነው» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «እንደ ዛሬዎቹ በቀላሉ አይበገርም።»

«በቃ ይሰበራ!»

«ለምን ይሰበራል? ሌላ በር ልትገዢ? አይዞሽ፣ ትንሽ ታገሺኝ።»

ከማዶ በር አንዲት ጎረቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት፣ በርጩማ ይዘው ወጡና መተላለፊያው ላይ ተቀመጡ። «ቀስ በል፣ ልጄ» አሉት። «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።»

ቀስ አለ። ብረቱን ያወጣል፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል፣ ይጠርገዋል፣ ዘይት ጠብ አድርጎ መልሶ ያስገባዋል። አንድ ጊዜማ ብረቱን ሆን ብሎ ጥሎ ይፈልግ ጀመር። ልጅየዋ ጎንበስ ብላ አፈላለገችው፤ አግኝታም በሁለት እጇ ሰጠችው። ያኔ አፈረ። ሰረቅ አድርጎ ሰዓቱን ቢያይ ግን ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሄደው። «እሳቸው እንደሁ ተኝተዋል፤ አሁን ተከፈተ በኋላ ምን ለውጥ አለው?» ብሎ ራሱን አጽናና።

ይሄኔ ከውስጥ ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር ተሰማ።

«ነቃች! እማዬ! እኔ ነኝ፣ ክፈቺ!» ልጅየዋ በሩን በመዳፏ ደበደበችው። ፊቷ በራ።

የመጣ ሰው የለም። ቁልፍ ሠሪው ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ኮቴ አልሰማም። የሰማው ትንፋሽ ነው፤ የሚጎተት፣ ከወለሉ የሚመጣ ትንፋሽ።

ክው አለ። ብረቶቹን መልሶ ከተተ። ሲጫወትበት የቆየው ሴራቱራ አሁን የምሩን እምቢ አለው። በጥድፊያ አንዱን ጥርስ ሲያነሣ ሌላው ይወድቅበታል። «አምላኬ፣ አንዴ ብቻ» አለ በሆዱ። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ መጥረጊያ ጊዜ አልነበረውም።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ? ጋሼ!»

«መጣ፣ መጣልሽ...»

አልመጣም። በሩ ሲከፈትም ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እሱ አላየም። ልጅየዋ በላዩ ላይ ተራምዳ ገባች። እናትየው በአልጋውና በጠረጴዛው መሐል በጎናቸው ወድቀዋል፤ አንድ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የስኳር ዕቃ እንደተዘረጋ ነው። ጎረቤቲቱ ገብተው አንገታቸውን ዳሰሱ፤ ደረታቸው ላይም ጆሯቸውን አኖሩ።

«ገላዋ ትኩስ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ነው፣ ልጄ። አሁን ነው ነፍሷ የወጣችው።»

ልጅየዋ ጮኸች። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ አሁንም ከወንድሟ ጋር የተያያዘውን ስልክ ጆሮዋ ላይ አደረገች። «የለችም... አልደረስንላትም... ማን? ሰውየው? ሰውየው ምን ያድርግ! አንዴ እንኳ ቀና አላለም። እግዜር ይስጠው።»

ቁልፍ ሠሪው ደጃፉ ላይ እንደተንበረከከ ይህን ሰማ። ሊናገር አፉን ከፈተ። ጎረቤቲቱ ወጥተው ክንዱን ይዘው አስነሡት።

«ይበቃል፣ ልጄ። የቻልከውን አደረግህ» አሉት።

አጎንብሰው የሱሪውን ጉልበት አቧራ ያራግፉለት ጀመር። አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ሲዞሩ፣ እሱ አፉን እንደከፈተ ቆሞ ነበር።