የሟችን ቦታ ይሙላ

ሕጉ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ገዳይ ሟች ቤት ገብቶ የሟችን ቦታ ይሙላ።»

ይድነቃቸው ልጄን ሱራፌልን ገደለብኝ፤ እኔ ቤት እንዲኖር ተፈረደበት። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የገጠሙለት ቀለበት ከአጥሬ ሲወጣ በኤሌክትሪክ ነዝሮ መሬት ላይ ይዘርረው ነበር። በሱራፌል አልጋ ተኛ፣ የሱራፌልን ሹራብ ለበሰ፤ ሱራፌል ብዬ ስጠራው «አቤት እማዬ» አለ። መጀመሪያ መጀመሪያ እያለቀሰ ነበር የሚለው። ማዕድ በቀረበ፣ ወረቀትና ብዕር በወጣ ቁጥር ደግሞ ቀኝ እጁን በሱራፌል ቀበቶ ከወንበሩ ጋር እጠፍረው ነበር። እንዲህ አታድርጊ የሚል ሕግ አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። ዛሬ ፍርድ ቤት ተጠራንና ዳኛዋ ሕጉን ሻሩት። «ቦታ ማለት ምንድን ነው? ሥራው ነው፣ አልጋው ነው ወይስ ስሙ? ግልጽ ባልሆነ ሕግ ሰው መቅጣት ሕገ መንግሥቱን መጣስ ነው» አሉ። ቅጣቱንም እንደ አዲስ ወሰኑ፤ እስካሁን የተቀጣው ይበቃዋል፣ ወደ እናቱ ይመለስ አሉ።

እናቱ አልጋነሽ ከኋላዬ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። እኔ ግን አልተናደድኩም።

ቀለበቱን ፈቱለትና እንዲፈርም ብዕር ሰጡት። በግራ እጁ ተቀብሎ፣ ምንም ሳያመነታ፣ ጥርት አድርጎ ፈረመ።

አልጋነሽ እጁን አይታ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ፣ ምን አድርገውት ነው?» አለችኝ። «የኔ ልጅ እኮ ግራኝ አልነበረም።»

«የኔ ነበር» አልኳት።