ቅኝቱን አይንኩብኝ

ስምንቴ ጊታሩ ስር ገብቶ በጀርባው ተንጋሏል።

«ልጄ፣ የሚጫወቱት ከላይ ሆነው ነው» ይላል ባለሱቁ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየሰቀለ።

«ይተዉት ጋሼ፣ አልጋ ሲገዛም እንዲሁ ነው» ትላለች እህቱ። «ስሩን ሳያይ አይተኛበትም።»

ስምንቴ አይሰማቸውም። ፔዳል ስቲል ጊታር የሚሉት ይህ ዕቃ እንደ ጠባብ ጠረጴዛ በአራት እግሩ የቆመ ነው። ክሮቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ፤ ከስር ደግሞ በእግር የሚረገጡትን ፔዳሎችና በጉልበት የሚገፉትን ማንሻዎች ከክሮቹ ጋር የሚያገናኙ ቀጫጭን ዘንጎች ተደርድረዋል። አናጢ ነውና አንድ በአንድ ይነካካቸዋል። የላላ የለም።

ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። መጋዝ ከግራ እጁ ሁለት ጣት የወሰደበት ጊዜ፣ ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመው «ከዛሬ ጀምሮ ስምንቴ በሉኝ» ብሎ ጠያቂውን ሁሉ አሳቀ። ያልሳቀችው እህቱ ብቻ ናት። እሷ በምትዘፍንበት ባንድ ውስጥ ጊታር ተጫዋቹ እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ የሚወጣው ገመድ ሊዘረጋ ነው፤ ዘርግቶ ይወርዳል።

በዚህኛው ጊታር ግን ክር በጣት አይጫንም። ግራ እጅ አንዲት ድብልብል ብረት ይዞ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ ለዚያ ደግሞ የተረፉት ሦስቱ ይበቃሉ። ይህን ካወቀ ጀምሮ አሮጌ ጊታሩን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ፣ በቧንቧ ቁራጭ ሲለማመድ ከርሟል።

ከስር ወጥቶ ሱሪውን ያራግፋል። ሱቁ ውስጥ እንዲህ ያለ ጊታር ሁለት አለ። አንዱ አዲስ ነው፣ ጥቁር፣ ፊት የሚያሳይ። ሌላው አሁን ከስሩ የወጣበት፣ ቫርኒሹ የተላላጠው ነው።

«ጥቁሩን ውሰድ» ይላል ባለሱቁ። «ሁሉም ሰው የሚጫወትበት ቅኝት እሱ ነው። መጽሐፉም፣ ቪዲዮውም፣ አስተማሪውም ለሱ ነው። አሮጌው ቅኝቱ ሌላ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው። የገዙት ሁሉ መልሰውልኛል። ላታልልህ አልፈልግም።»

ስምንቴ ጥቁሩ ፊት ይቀመጣል። ድምፁ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ከላይ ከላይ የሚያለቅስ ነው። ያምራል። እህቱ ዜማ ትጀምርለታለች፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጉሮሮዋ ይያዛል። «በል ቀጥል፣ እኔ ጉንፋን ነው» ትላለች። እሱ ግን ያቆማል። ድምፅዋ በዕድሜ እየወፈረ እንደመጣ ባንዱ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

«ክሮቹም ተዘበራርቀውብኛል» ይላል። «ቀጭኑ ዳር መሆን ሲገባው መሃል ገብቷል።»

«ይለመዳል» ይላል ባለሱቁ።

«መለመዱማ ይለመዳል» ይልና ተነስቶ አሮጌው ፊት ይቀመጣል።

እዚህ ክሮቹ ከቀጭን ወደ ወፍራም በተራ ይወርዳሉ። ብረቱን ያሳርፋል። የሚወጣው ድምፅ ከደረት ነው። ፔዳሉን ሲረግጥ ሌሎቹ ባሉበት ቆመው አንዷ ክር ብቻ ቀስ ብላ ወደ ላይ ትሳባለች። ይለቃል፣ ደግሞ ይረግጣል። ይስታል፣ ይመለሳል፣ ያገኘዋል። ፊቱ በሙሉ ጥርስ ይሆናል።

«ፔዳል ነው የምትረግጠው ጮቤ?» ትላለች እህቱ።

ባለሱቁም ይስቃል። «እንግዲህ ልብህ ከሄደ ምን ይደረጋል። እንዲያውም ክሮቹን ቀይሬ፣ ዘንጎቹን አስተካክዬ ወደ ተለመደው ቅኝት ልመልስልህ። ነገ መጥተህ ትወስደዋለህ። ምንም አላስከፍልህም።»

«ጋሼ፣ ቅኝቱን አይንኩብኝ!»

ጩኸቱ ራሱንም ያስደነግጠዋል። በር ላይ የቆሙ ሰዎች አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«ማን ሊያስተምርህ ነው ታዲያ?» ይላል ባለሱቁ።

«እሷ።»

«እኔ? እኔ ስለዚህ ምን አውቃለሁ?» ትላለች።

«አንቺ ዝፈኚ እትዬ። ጉንፋንሽን ይዘሽ ዝፈኚ። እኔ ያለሽበት እመጣለሁ።»

 እህቱ ፊቷን ወደ ባለሱቁ ታዞራለች። ስምንቴ የተጠራውን ዋጋ ሊከፍል ሲል ክንዱን ቆንጥጣ ዝም ታሰኘዋለች፤ ተከራክራ ታስቀንሳለች፣ ሣጥኑንና ብረቱንም በምርቃት ታስጨምራለች። ባለሱቁ «ወንድምሽን ሳይሆን አንቺን ነበር መፍራት» እያለ ሊያሽግ ይንበረከክና የመጀመሪያውን እግር መፍታት ይጀምራል።

«ቆይ ጋሼ፣ አንዴ» ትላለች። «የናቴ ልጅ፣ ተቀመጥ።»

የምትጀምረው ከወትሮው ዝቅ ብላ ነው፤ ድምፅዋ አሁን ከሚኖርበት። መጨረሻው ላይ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ዜማ ያለው ዘፈን ነው፣ የባንዱ ኪቦርድ አልከተል እያላት መዝፈኑን የተወችው። ስምንቴ ከኋላ ከኋላዋ ይሄዳል፤ አንዴ ይስታል፣ አታቆምለትም። በር ላይ የነበሩት ሰዎች ገብተዋል። ባለሱቁ ብሎን መፍቻውን እንደያዘ ከተንበረከከበት አልተነሳም።

ማለቂያው ላይ ዐይኗን ጨፍና መውረድ ትጀምራለች። ስምንቴ ብረቱን ያንሸራትታል፣ ማንሻውን በጉልበቱ ይገፋል፣ ቀድሟት እታች ይደርሳል። ድምፁን ዘርግቶ ይጠብቃታል።